የጋራ ወጪና እውነተኛው የአገልግሎት ዋጋ
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)

አንድ አነስተኛ የአገልግሎት ድርጅት ዓመቱን ሙሉ ሲደክም ከርሞ በመጨረሻ ካዝናው ባዶ ሆኖ ቢገኝ፣ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «ገንዘቡ ወዴት ሄደ?» የሚል ነው። የሒሳብ መዝገቡ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከፊል ነው፤ ለደመወዝ ይህን ያህል፣ ለቤት ኪራይ ይህን ያህል፣ ለመብራት ይህን ያህል ወጣ ይላል። ገንዘቡ ለየትኛው አገልግሎትና በየትኛው ደንበኛ ምክንያት እንደወጣ ግን አይናገርም። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህን የጎደለ መልስ ለማግኘት የሚረዳውን፣ በሥራ ክንውን ላይ የተመሠረተ የወጪ ስሌት የተባለውን ዘዴ ለአነስተኛ ድርጅት በሚስማማ መልኩ ማስረዳት ነው።

በቀድሞው ዘመን ፋብሪካ ከጠቅላላው ወጪ አብዛኛውን የሚወስዱት ጥሬ ዕቃና የሠራተኛ ደመወዝ ነበሩ። ስለዚህ ጥቂት የነበረውን የጋራ ወጪ በሥራ ሰዓት ወይም በምርት ብዛት ማከፋፈሉ እምብዛም አያሳስትም ነበር። መሣሪያው፣ የጽሕፈት ቤቱ ሥራና የምርቱ ዓይነት እየበዛ ሲሄድ ግን ይህ አከፋፈል ከእውነቱ እየራቀ መጣ። ጆርጅ ስቶባስ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ወጪን ከክንውን ጋር የማያያዝን ሐሳብ አቀረቡ። በ1980ዎቹ ደግሞ ሮቢን ኩፐርና ሮበርት ካፕላን ዘዴውን አሟልተው በሰፊው አስታወቁት። ምንም እንኳ ዘዴው ከፋብሪካ ቢነሣ፣ ለአገልግሎት ሰጪው ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ አገልግሎት ሰጪ ጥሬ ዕቃ እምብዛም ስለሌለው፣ ወጪው ሁሉ ማለት ይቻላል የጋራ ወጪ ነውና።

የዘዴው መሠረት ቀላል ነው። ገንዘብ የሚበላው ሥራ ነው፤ ሥራን የሚጠይቀው ደግሞ ደንበኛ ነው። ስለዚህ ወጪው በመጀመሪያ ወደ ሥራው፣ ቀጥሎም ሥራውን ወደጠየቀው ደንበኛ ይመራል። ሻይ ብቻ የጠጣና ክትፎ ያዘዘ ሁለት ሰዎች ሒሳቡን እኩል ቢካፈሉ አንደኛው የሌላውን ምሳ ከፈለ ማለት ነው። አማካይ ዋጋም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ነገሩን ለማብራራት አንድ አነስተኛ ላውንደሪ በምሳሌነት ይወሰድ። አኃዞቹ ለማስረጃ ያህል የተመረጡ ናቸው። ላውንደሪው ሁለት ዓይነት ደንበኞች አሉት፤ አንደኞቹ አንሶላና ፎጣ የሚልኩ ሆቴሎች ሲሆኑ፣ ሁለተኞቹ ሱፍ ልብስ፣ ሸሚዝና የሐበሻ ቀሚስ ይዘው የሚመጡ ግለሰቦች ናቸው። በወር ከሆቴሎች 6,000 ኪሎ፣ ከግለሰቦች 2,000 ኪሎ ልብስ ይታጠባል። የወሩ ወጪ 240,000 ብር በመሆኑ አማካዩ ለአንድ ኪሎ 30 ብር ይወጣል። ሆቴሎች በኪሎ 26 ብር፣ ግለሰቦች 45 ብር ይከፍላሉ። የወሩ ገቢ 246,000፣ ትርፉም 6,000 ብር ብቻ ነው።

ባለቤቱ ይህን አይቶ ሆቴሎቹ በየኪሎው 4 ብር ያከስሩኛል፣ ግለሰቦቹ ግን 15 ብር ያተርፉልኛል ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። የሆቴሎቹን ውል ለማፍረስና የሠራተኛውን ቁጥር ለመቀነስም ያስብ ይሆናል።

አሁን ወጪው በሥራ ክንውን ይከፋፈል። ልብስ ለመቀበል፣ ለመመዝገብና ምልክት ለማድረግ 30,000 ብር ይወጣል። በወሩ ከተቆረጡት 1,500 ደረሰኞች የሆቴሎቹ 60 ብቻ ስለሆኑ፣ በደረሰኝ 20 ብር ሲታሰብ የሆቴሎቹ ድርሻ 1,200፣ የግለሰቦቹ 28,800 ብር ይሆናል። ለማጠብና ለማድረቅ የሚወጣው 96,000 ብር በእርግጥ ከክብደት ጋር የሚሄድ ነው፤ በኪሎ 12 ብር ሲታሰብ 72,000 ለሆቴሎቹ፣ 24,000 ለግለሰቦቹ ይደርሳል። ለመተኮስ 72,000 ብር ይወጣል። ካውያ ከሚሠራባቸው 900 ሰዓታት 300ው የሆቴሎቹ፣ 600ው የግለሰቦቹ ነው፤ በሰዓት 80 ብር ሲታሰብ 24,000ና 48,000 ብር ይሆናል። ለማመላለሻ የሚወጣው 24,000 ብር ሙሉ በሙሉ የሆቴሎቹ ነው፤ ግለሰቦቹ ልብሳቸውን ራሳቸው ያመጣሉና። አቤቱታ ለመስማት፣ ቁልፍ ለመትከልና ደግሞ ለማጠብ የሚወጣው 18,000 ብር ከ90 አቤቱታዎች የመጣ ነው፤ ከእነዚህ 10ሩ የሆቴሎች፣ 80ው የግለሰቦች በመሆናቸው ድርሻቸው 2,000ና 16,000 ብር ነው።

ሁሉም ሲደመር የሆቴሎቹ ወጪ 123,200፣ የግለሰቦቹ 116,800 ብር ይሆናል። ሆቴሎቹ 156,000 ብር ከፍለው 32,800 ብር ያተርፋሉ፤ ግለሰቦቹ 90,000 ብር ከፍለው 26,800 ብር ያከስራሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ስሌት አትራፊውን ከሳሪ፣ ከሳሪውን አትራፊ አድርጎ አሳይቶ ነበር። ባለቤቱ የሆቴሎቹን ውል ቢያፈርስ ኖሮ፣ ከእነሱ ጋር የተያያዘው 123,200 ብር በሙሉ ቢቀርለት እንኳ በየወሩ 26,800 ብር ይከስር ነበር። ሆኖም ኪራዩና የመሣሪያው ዕዳ ደንበኛ በመሄዱ ብቻ ስለማይቀሩ፣ ኪሣራው ከዚህ የባሰ በሆነ ነበር። ከሥራ የሚሰናበቱት ሠራተኞችም በተሳሳተ ስሌት ምክንያት እንጀራቸውን ያጡ ነበር።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ ግለሰቦቹ ይባረሩ ማለት ሌላ ስሕተት ነው። የስሌቱ ጥቅም የበሽታውን ሥፍራ ማመልከቱ ነው። አንድ ግለሰብ በአንድ ደረሰኝ በአማካይ 62 ብር ከ50 ሳንቲም ሲከፍል፣ ወጪው ከ81 ብር በላይ ነው። ጥልፍ ያለው ቀሚስ ግማሽ ሰዓት ካውያ ቢፈጅ፣ የመተኮሱ ወጪ ብቻ 40 ብር ይደርሳል፤ በኪሎ ማስከፈል ይህን አይሸፍንም። ስለዚህ ዋጋው በልብሱ ዓይነት ቢወሰን፣ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ ዝቅተኛ ክፍያ ቢደነገግ፣ የልብሱም ሁኔታ በመቀበያው ጠረጴዛ ላይ ከባለቤቱ ጋር ታይቶ ቢመዘገብ፣ ጉድለቱ ከምንጩ ይቃለላል።

አነስተኛ ድርጅት ለዚህ የተለየ መሣሪያ አያስፈልገውም። አምስት ወይም ስድስት ዋና ዋና ክንውኖችን መለየት፣ ለሁለት ሳምንት የሥራውን ሰዓት በደብተር መመዝገብ፣ ከሁሉም በላይ ሥራውን የሚሠሩትን ሰዎች መጠየቅ ይበቃል። ክንውኖቹን ከመጠን በላይ መሸንሸን የስሌቱን ወጪ ከጥቅሙ ያስበልጣል። ካፕላንና ስቲቨን አንደርሰን በ2004 እ.ኤ.አ. በጊዜ ላይ የተመሠረተውን ቀለል ያለ ስሌት ያቀረቡት ይህንኑ ችግር ለማቃለል ነበር።

በዚሁ ስሌት የተገለጸ አንድ ቁም ነገር በተለይ ሊዘነጋ አይገባም። አንድ ሠራተኛ በወር 160 ሰዓት ተከፍሎት 100 ሰዓት ብቻ ሥራ ቢያገኝ፣ የቀሪው 60 ሰዓት ወጪ የሥራ ፈት ጊዜ ተብሎ ለብቻው መታየት አለበት። ይህን በደንበኞች ላይ መጫን ዋጋን ያስወድዳል፤ የተወደደ ዋጋ ደንበኛን ያሸሻል፤ ደንበኛ ሲሸሽ ሥራ ፈቱ ሰዓት ይበዛል፤ ዋጋውም እንደገና ይወደዳል። በዚህ መንገድ ድርጅት ራሱን በራሱ ሊዘጋ ይችላል።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

ይህ ስሌት በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የሚጠየቀውን የፋይናንስ ሪፖርት የሚተካ አይደለም። ሪፖርቱ ያለፈውን ለውጭ ተመልካች ያሳያል፤ ይህ ስሌት ግን የነገውን ውሳኔ ለባለቤቱ ያቃናል። ግብር ሲደርስ ብቻ የሚጠራው የሒሳብ ባለሙያ፣ ውል ከመፍረሱና ሠራተኛ ከመሰናበቱ በፊትም ሊጠራ ይገባዋል። ለዚህ ሲጠራም ይዞ መቅረብ ያለበት ከአማካዩ በስተጀርባ ያለውን እውነት ነው።