ፈረስ ከመግዛት በፊት



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ የፈረስ ግዢና ሽያጭ፣ እንዲሁም የአያያዙ ነገር ነው። ከመካከላችሁ «በአውቶቡስና በታክሲ ወደ ቢሮ ለምንመላለስ ሰዎች የፈረስ ወሬ ምን ይጠቅመናል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ፈረስ ገና ከከተማችን አልወጣም። በከተማው ዳርቻ ጋሪ የሚስበው እርሱ ነው፤ በጥምቀት በዓል ተሸልሞ ልጆች የሚቀመጡበት እርሱ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው በእንጦጦ ፓርክ ጎብኚ የሚጋልበውም እርሱ ነው። በምዕራብ አዲስ አበባ በአየር ጤና፣ ወይም ከዚያ አልፎ የጅማን መንገድ ይዞ በሚገኘው ሠፈር ጥቂት ሰፋ ያለ ግቢ ያገኘ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ደመወዙን በጋሪ ገቢ ለመደጎም ወይም ለልጆቹ መጋለቢያ እንዲሆን ፈረስ ለመግዛት ቢያስብ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የብዙ ወራት ቁጠባ በአንድ የገበያ ቀን ሊጠፋ ይችላልና፣ ከመግዛት በፊት ማወቅ የሚገባውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ፈረስ በአገራችን የነበረውን ክብር ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። ታላላቆቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። የቤተ መንግሥቱን ፈረሶች የሚያዘው ሹም ባልደራስ ይባል ነበር፤ ስሙም እስከ ዛሬ በአዲስ አበባ የሠፈር መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። የሐረር ከተማ አደባባይ ፈረስ መጋላ የተባለው የፈረስ ገበያ ስለ ነበረ ነው። በአዊ አገርም በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የዐድዋን ዘመቻ እያሰበ በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። በዐድዋ በ1888 ዓ.ም. የፈረሰኛው ጦር የሠራውን ሥራ የማያውቅ የለም።

ይሁን እንጂ የትናንት ክብር የዛሬን ፈረስ አያበላውም። አበው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ያሉት ሁሉም ነገር ልክና ወሰን እንዳለው ሲያስረዱ ነው። እኔም በዚህ አነጋገር ላይ አንድ ነገር ልጨምርበት እወዳለሁ፤ ፈረስ የሚያደርሰው ያደረሰውን ሰው የሚያውቅ ጌታ ሲኖረው ነው።

እንግዲህ ፈረስ ከሌላው የቤት እንስሳ የሚለይበትን ዋና ነገር እንመልከት። በሬ ሲያረጅ ወይም እግሩ ሲሰበር ሥጋው ይሸጣል፤ ላምም ወተቷ ሲነጥፍ እንዲሁ ናት። ስለዚህ ባለቤቱ የገንዘቡን ከፊል ያገኛል። የፈረስ ሥጋ ግን በአገራችን አይበላም። የፈረስ ዋጋው በሕይወት ሳለ ያለው ጉልበቱ ብቻ ነው። ጉልበቱ ያለቀ ዕለት ዋጋውም ያልቃል። በአንዳንድ ከተሞቻችን መንገድ ዳር ጀርባው ቆስሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ባለቤት አልባ ሆኖ የሚቆመው ፈረስ ምንጩ ይኸው ነው። ከመንገድ ላይ የወጣው ትናንት ቢሆንም፣ ነገሩ የተጀመረው ግን ገዢው የመጨረሻውን ቀን ሳያስብ ገንዘቡን በቆጠረ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ «ዋጋው ስንት ነው?» የሚለው አይደለም፤ «ሥራው ሲያልቅ የት አኖረዋለሁ?» የሚለው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የወጪ ነው። ፈረስ ሆዱ ትንሽ ስለ ሆነ ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ሣር ወይም ድርቆሽ መብላት ይፈልጋል። ከሥራ በፊትና በኋላ አንድ ጊዜ በብዛት የሚሰጠው ገብስ ወይም ፉርሽካ የሆድ ቁርጠት ሊያመጣበት ይችላል፤ ይህም ብዙ ፈረስ የሚገድል ሕመም ነው። በየቀኑ ከ20 ሊትር በላይ ውሃ መጠጣት ያስፈልገዋል፤ በሙቀትና በሥራ ጊዜም ከዚህ ይበዛል። ውሃ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሠፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰኮናውም በየስድስትና በየስምንት ሳምንቱ ሊታይ፣ ሊስተካከልም ይገባል። ድርቆሽ በበጋ የሚረክስበትን፣ በክረምት የሚወደድበትን ጊዜ አስቦ የዓመቱን ሒሳብ ያልሠራ ሰው ፈረሱን ሳይሆን ዕዳ ገዝቷል ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ። የአገራችን ፈረስ በዓይነቱ ብዙ ነው፤ የእንስሳት ሊቃውንት የሰላሌን፣ የባሌን፣ የቦረናን፣ የሆሮን፣ የከፋንና የመሳሰሉትን በየዓይነታቸው ለይተዋል፤ በሐረር አጠገብ በኩንዱዶ ተራራም ከሰው ተለይቶ በዱር የሚኖር ፈረስ አለ። ለአዲስ አበባ ሰው የሚቀርበውና ለግልቢያም የሚመሰገነው የሰላሌ ፈረስ ነው። ነገር ግን የትውልድ አገር ብቻ ዋስትና አይሆንም፤ ፈረስ የሚገዛው በስሙ ሳይሆን በዐይን ታይቶና በእጅ ተዳስሶ ነው።

በመጀመሪያ ኮርቻው ይውረድ። ኮርቻና ግላስ አምሮ የተጫነበት ፈረስ ከሥሩ ገጣባ ሊኖርበት ይችላል። ሻጩ «ኮርቻው ይቆይ፣ አሁን ይጋልባል» ቢል እንኳ ገዢው እሺ ማለት የለበትም። ጀርባውን በእጅ ሲጫኑት የሚያጎነብስና የሚርቅ ፈረስ የቆየ ሕመም አለበት። በቆዳው ላይ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ እብጠትና ቁስል የታየበትንም አለመግዛት ይበጃል፤ በጋሪ ፈረሶቻችን ዘንድ የታወቀ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ በሽታ ሊሆን ይችላልና።

ሁለተኛ፣ ዕድሜውን ጥርሱ ይናገር። ፈረስ ከፊቱ በላይና በታች ስድስት ስድስት ጥርስ አለው። በ2 ዓመት ተኩል ገደማ የመካከለኞቹ የወተት ጥርሶች ይለወጣሉ፤ በ3 ዓመት ተኩል ከእነርሱ ቀጥለው ያሉት፣ በ4 ዓመት ተኩል ደግሞ የዳርና የዳሮቹ ይለወጣሉ። ስለዚህ 5 ዓመት የሞላው ፈረስ አፉ ሙሉ ነው። ከዚያ በኋላ በታችኞቹ ጥርሶች አናት ላይ ያለው ጉድጓድ እየተፋቀ ይሄዳል፤ የመካከለኞቹ በ6፣ የቀጣዮቹ በ7፣ የዳሮቹ በ8 ዓመት ገደማ ይደፈናል። ከዚያ ወዲያ ጥርሱ እየረዘመና ወደ ፊት እየዘመመ ስለሚሄድ ትክክለኛውን ዓመት መናገር ያስቸግራል። «ገና የአምስት ዓመት ነው» የተባለው ፈረስ ጥርሱ ረዝሞና ዘምሞ ቢገኝ ነገሩ ሁሉ ይጠረጠራል።

ሦስተኛ፣ እግሩ ይታይ። ፈረሱ በጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ ይነዳ፤ ገዢው ከፊትም ከኋላም ይመልከት። የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ ጤነኛውን እግር ሲያሳርፍ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ የታመመውን ሲያሳርፍ ራሱን ከፍ ያደርጋል። ከዚያ ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳልና፣ ከሩጫው በኋላ ቆሞ እንኳ ትንፋሹ አልመለስ ካለ ሳንባው ወይም ልቡ ጤና የለውም። በገበያ ላይ ጨው አብልቶ ውሃ በማጠጣት ሆዱን አሳምሮ የሚያቀርብ አታላይ መኖሩንም ማስታወስ ይገባል። ስለዚህ የሚቻል ቢሆን በሻጩ ቤት፣ ማለዳ፣ ከመብላቱ በፊት ማየት ይበልጣል። የእንስሳት ሐኪም ይዞ መሄድም የሚከፈልበት ቢሆን ከኪሳራ ያድናል።

በደላላ በኩል የሚገዛ ሰው የሚከተለውን ይወቅ። ደላላው የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም ነው፤ ስለዚህ የሚያስብለት ለሽያጩ እንጂ ለገዢው አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ስለ ሸጠው ነገር ጉድለት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ገዢም የተረከበውን ነገር በጊዜው መርምሮ ጉድለቱን ቶሎ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ዘግይቶ የሚጮህ ሰው መብቱን ሊያጣ ይችላል። ቀብድም ቢሆን ሕጉ የሚናገርበት ነገር አለ፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ የፈረሱ ቀለም፣ ምልክቱ፣ ዕድሜው፣ ሻጩም «አያነክስም፣ ገጣባ የለበትም» ብሎ ያረጋገጠው ቃል በአንድ ወረቀት ተጽፎ በእማኞች ፊት ይፈረም። እናንተ በቢሮ ያለ ፊርማ አንድ ክብሪት እንኳ ከዕቃ ቤት የማታወጡ ሰዎች ናችሁ፤ በገበያ ቀን ይህን ልማድ መተው አይገባም።

ከተገዛ በኋላ ስለ አያያዙ ጥቂት ልጨምር። በቀድሞ ልማዳችን ሰይፍ በቀኝ ጎን ይታጠቅ ስለ ነበር ፈረስ ላይ የሚወጣው ከቀኝ በኩል ነበር፤ ዛሬ በፈረስ ትምህርት የሚማሩት ግን ከግራ ነው። ስለዚህ ፈረሱ የለመደው የቱን እንደ ሆነ ሻጩን መጠየቅ ብዙ ውድቀት ያስቀራል። የጋላቢው ክብደት ከነኮርቻው ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ መልካም መሆኑ በብዙ አገር የታወቀ ልክ ነው። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በዚህ ልክ 50 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። የእኛ አገር ፈረስ በአካሉ ትንሽ ስለ ሆነ፣ ከባድ ሰው ዳገት ሲደርስ ወርዶ በእግሩ ቢሄድ ውርደት አይሆንበትም። ልጓምም አፍ የሚያቆስል መሆኑን አስቦ በእጅ ልስላሴ መያዝ ይገባል። ሕጉም በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ እንስሳው ድንገት ቢያመልጠው እንኳ፣ ኀላፊ ነው ይላልና በተሽከርካሪ መካከል የሚነዳ ሁሉ ይህን አይርሳ።

ለጋሪ የሚገዙትን በተለይ ማሳሰብ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። የመንግሥት ሠራተኛ ቀን ቢሮ ስለሚውል ጋሪውን የሚነዳው ሌላ ወጣት ነው። የተለመደው ውል ወጣቱ በየቀኑ የተወሰነ ገንዘብ ለባለቤቱ እንዲያስገባ፣ የተረፈውን ለራሱ እንዲያስቀር ነው። ነገሩ ለባለቤቱ ቀና ይመስላል። ነገር ግን አስቡት፤ ነጂው የባለቤቱን ድርሻ እስኪሞላ ድረስ ለራሱ አንዲት ሳንቲም አያገኝም፤ ስለዚህ ጭነቱን ያበዛል፣ ጉዞውን ያስረዝማል፣ ፈረሱን ያለ ዕረፍት ይነዳዋል። ወጣቱን በጭካኔ መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጅራፉን በእጁ ያስያዘው ውሉ ነው። ከዚህ ይልቅ የዕለቱን ገቢ በድርሻ መካፈል፣ የጭነቱን ልክ አስቀድሞ መወሰን፣ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ማሳረፍ፣ ፈረሱ ሲያነክስ ወጣቱ ያለ ቅጣት «ዛሬ አልወጣም» ለማለት እንዲችል ማድረግ ይሻላል። በዚህ ውል የቀኑ ገቢ ጥቂት ያንስ ይሆናል፤ የፈረሱ ዕድሜ ግን ይረዝማል፤ የፈረሱ ዕድሜም የባለቤቱ ገንዘብ ነው።

በመጨረሻ ስለ መሸጥ። የሚሸጥ ሰው ሲገዛ የጠላውን ነገር በሌላው ላይ አያድርግ። ገጣባውን አሳይቶ፣ ዕድሜውን ተናግሮ፣ የሚፈራውን ነገር አስጠንቅቆ የሚሸጥ ሰው ዋጋው ጥቂት ይቀንስበት ይሆናል፤ ነገር ግን ክስ አይከተለውም፣ በሠፈሩም ስሙ አይጠፋም። ጉልበቱ ያለቀውን ፈረስ ግን በርካሽ ለሌላ ጋሪ መሸጥ ሸክሙን ለማያውቅ ሰው ማስተላለፍ ነው። በገጠር ሣር ያላቸው ዘመዶች ካሉ ወደዚያ መላክ፣ ሕመሙ የማይድን ከሆነ ሐኪም ጠርቶ ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ ማድረግ፣ ሌሊት አውጥቶ መንገድ ላይ ከመልቀቅ እጅግ የተሻለ ነው። ለዚህም የሚሆነው ገንዘብ ፈረሱ በሚሠራበት ዘመን ከገቢው ላይ በየወሩ ጥቂት በጥቂት ቢቀመጥ ያኔ አይከብድም። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ለጡረታችን ከደመወዛችን ይቀነስልን የለምን? ለእኛ የሠራውስ ጡረታ ለምን አይኖረውም?

እንግዲህ ይህን ሁሉ አስቦ «ለእኔ አይሆንም» ያለ ሰው አላፈረም። ልጆቹን ማስጋለብ የሚፈልግ በሰዓት እየከፈለ ቢያስጋልብ ይረካሉ፤ እርሱም ከገጣባና ከድርቆሽ ሒሳብ ይድናል። ይህን ሁሉ አስቦ «እችላለሁ» ያለ ሰው ደግሞ ኮርቻውን አስወርዶ፣ አፉን ከፍቶ፣ በሶምሶማ አስነድቶ፣ በወረቀት አስፈርሞ ይግዛ። ያንጊዜ በአየር ጤና መንገድ የሚያልፈው ፈረስ ባለቤቱን የሚያስከብር እንጂ የሚያሳፍር አይሆንም።