እውነቱን ለማን እንንገር?

(በማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ሐኪሞች ሆነን አይደለም። ታክሲ ነጂዎች ነን፤ አንዳንዶቻችንም የጀመርነውን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አቋርጠን መሪ የጨበጥን ነን። ሆኖም በሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ስንጠብቅ የምናነሣው አንድ ጉዳይ እንቅልፍ ስለነሣን፣ መጽሐፍ እያገላበጥን ለማጥናት ሞክረናል። ይኸውም በሕክምና ላይ የሚነሣው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምናከብራቸው አንድ አባት ታመው ሆስፒታል ገቡ። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ልናስተረጉምላቸው ሄድን። ልጆቻቸው ገና ከበር ላይ «እባካችሁ እንዳትነግሯቸው» ብለው ለመኑን። ሐኪሙ ካንሰር መሆኑንና ሥር መስደዱን ሲናገር፣ እኛ «ሆድዎ ውስጥ ቁስል አለ፤ መድኃኒት ይሰጥዎታል» ብለን ተረጎምን። አባታችን ሐኪሙን መርቀው ወጡ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲያርፉ፣ አገር ቤት ላሉት እኅታቸው «ለፋሲካ እመጣለሁ» እያሉ ነበር። ቢያውቁ ኖሮ ቀደም ብለው ይሄዱ ነበር? አናውቅም። የመምረጡን ዕድል የነፈግናቸው ግን እኛ ነን።

ያደረግነው በክፋት አይደለም። ባገራችን መርዶ በድንገት አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ ነው። ክፉ ወሬም ቀድሞ ለቤተ ዘመድ እንጂ ለሕመምተኛው አይነገርም፤ ተስፋ ይቆርጣል ተብሎ ይፈራል። ዶክተር የውብዳር በየነ በ1992 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ይህንኑ ልማዳችንን ለሐኪሞች አስረድተዋል።

የዚህ አገር ሐኪሞችም ቢሆኑ ድሮ እንደኛው ነበሩ። በ1961 በወጣ ጥናት ከተጠየቁት ሐኪሞች 90 በመቶው ካንሰርን ለሕመምተኛው አለመንገርን ይመርጡ ነበር። በ1979 ግን 97 በመቶው መንገርን መረጡ። በመካከሉ ብዙ ነገር ተለውጧል። መድኃኒቱ ተሻሻለ፤ የመደበቅም ጉዳት ታየ። በአላባማ ግዛት በተስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የያዛቸው 400 ያህል ጥቁር ወንዶች «ደማችሁ ተበላሽቷል» እየተባሉ፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላ እንኳ ሳይታከሙ ለጥናት ተይዘው ነበር። እውነትን የሚደብቅ ሁሉ እንደኛ አዝኖ የሚደብቅ አይደለም ማለት ነው።

ቢቻምፕና ቺልድረስ የተባሉ ምሁራን በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ አራት መመዘኛዎች አስቀምጠዋል፤ የሰውን የራሱን ውሳኔ ማክበር፣ አለመጉዳት፣ በጎ ማድረግና ፍትሕ። እንግዲህ ሐኪሙ በመጀመሪያው ቆመ፤ ልጆቹ በሁለተኛው ቆሙ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ጭንቁም ይኸው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ካጠናነው ሦስት ነገር እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ የምርመራው ውጤት ሳይመጣ ሕመምተኛውን አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ «ውጤቱ ለእርስዎ ይነገር ወይስ ለልጅዎ?» አላውቅም ማለትም የራስ ውሳኔ ነው። «ለልጄ ንገሩ» ካሉ ልማዳችን ተከበረ፤ «ለራሴ» ካሉም ሰውየው ተከበሩ።

ሁለተኛ፣ ራሳችን መናገር ባንችል ማን እንዲወስንልን እንደምንፈልግ በጤናችን ጊዜ በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው። በ1990 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ ሜዲኬርና ሜዲኬድ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ይህን መብት ለሚያስተኟቸው አዋቂ ሕመምተኞች ማስታወቅ አለባቸው።

ሦስተኛ፣ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባል፤ እንጠይቅ። የሠለጠነ አስተርጓሚ አይጨምርም፣ አይቀንስም። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን ሕመም እንዲተረጉም አናድርግ። እኛም ዘመድ ሆነን አጠገብ እንቀመጥ፤ እጃቸውን እንያዝ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። እኒያ አባት ግን አልደበቁም፤ የተደበቀባቸው እሳቸው ናቸው። በልጆቹ አንፈርድም፤ ነገ በራሳችን ወላጆች ሲደርስ ልባችን እንደነሱ ይርድ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤታችን ስንገባ፣ ቡናው ሲፈላ፣ አባትና እናታችንን እንጠይቃቸው።

ማኅበራችንን ለሃያኛው ዓመት ያድርስልን።