የሁከት ፍርሃትና የስታዲየም ተመልካቾች ደኅንነት

በታላላቅ የእግር ኳስ ጨዋታዎች ላይ ስለሚደርስ አደጋ ሲነሣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው የደጋፊዎችን ጠብ ነው፤ ይሁን እንጂ በአንድ ቀን እጅግ ብዙ ሕይወት የጠፋባቸው የስታዲየም አደጋዎች ሲመረመሩ፣ አብዛኞቹ ሟቾች ያለቁት በድንጋይና በዱላ ሳይሆን በግፊያ፣ ብዙ ጊዜም ሁከትን ለመግታት ተብሎ በተሠራ አጥር ወይም በተዘጋ በር ላይ ተጨምቀው እንደሆነ ይታያል።

ግፊያ ሲባል ወድቆ መረጋገጥ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ዋናው ገዳይ ግን መታፈን ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የቆሙ ሰዎች ቁጥር ከ4 ሲያልፍ መንቀሳቀስ ያስቸግራል፤ 6 እና 7 ሲደርስ ደግሞ ሕዝቡ እንደ ውኃ መናወጥ ይጀምራል፣ ማንም በገዛ ፈቃዱ መራመድ አይችልም፣ የእያንዳንዱ ሰው ግፊት እየተደማመረም የብረት መደገፊያ እስከ ማጉበጥ ይደርሳል። ደረቱ የተጨመቀ ሰው ሳንባውን ማስፋት ስለማይችል በቆመበት ሊሞት ይችላል። ከኋላ የሚመጣው ከፊት የሚሆነውን ስለማያይ ሳያውቅ መግፋቱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ እርሱን ጥፋተኛ ማድረግ ስሕተትም ግፍም ነው።

ይህ ግፍ በእንግሊዝ አገር ተፈጽሟል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የደጋፊዎች ረብሻ ስላየለ ክለቦች ተመልካቹን ከሜዳው የሚለይ ከፍተኛ የብረት አጥር አቆሙ፤ በ1985 በብራሰልሱ ሄይሰል ስታዲየም በደጋፊዎች ረብሻ ሳቢያ 39 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ደግሞ ፍርሃቱ ይበልጥ በረታ። ሚያዝያ 15 ቀን 1989 በሼፊልድ ከተማ ሂልስቦሮ ስታዲየም ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት ለኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ሲገናኙ፣ ከጠባቦቹ መግቢያዎች ውጭ መጨናነቅ ስለተፈጠረ ፖሊስ አንድ ትልቅ የመውጫ በር እንዲከፈት አዘዘ፤ የገባው ሕዝብም ፊት ለፊቱ ባገኘው መተላለፊያ አድርጎ አስቀድሞ ወደ ሞላው መካከለኛ ክፍል ጎረፈ። በጎንና በጎን ሰፊ ቦታ ነበር፤ ወደዚያ የመራው ግን አልነበረም። የጨዋታው መጀመሪያም አልዘገየም። ሰዎች ነፍሳቸውን ለማዳን አጥሩን ሲወጡ፣ ሥርዓት ማስከበርን ብቻ አስቦ የመጣው ኃይል በመጀመሪያ የተረዳው ሜዳውን ሊወርሩ እንደሆነ ነበር። የሟቾቹ ቁጥር በመጨረሻ 97 ደረሰ። በ1989 የወጣው የፍርድ ቤት ዳኛው የቴይለር ጊዜያዊ የምርመራ ሪፖርት ዋናው ምክንያት የፖሊስ ቁጥጥር ጉድለት መሆኑን ቢገልጽም፣ በደጋፊዎቹ ላይ የተለጠፈው የጥፋተኛነት ስም ተነሥቶ ሟቾቹ በሕገወጥ መንገድ መገደላቸው በችሎት የተረጋገጠው በ2016 ነው። ሐዘንተኛ ቤተሰብ እውነትን 27 ዓመት መጠበቅ አልነበረበትም።

አስለቃሽ ጭስም ከዚሁ ፍርሃት የሚመጣ ነው። በ1964 በሊማ ከ300 በላይ፣ በ2001 በአክራ ከ120 በላይ፣ በ2022 በኢንዶኔዥያዋ ማላንግ ደግሞ 135 ሰዎች ያለቁት ፖሊስ ጭስ ከተኮሰ በኋላ ነው፤ ጭሱ ዓይንንና ትንፋሽን ስለሚይዝ ጥቂት ረባሾችን ብቻ ሳይሆን ሕፃናት ይዘው የተቀመጡትንም በአንድ ጊዜ ወደ ጠባብ መውጫዎች ይነዳል። የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር፣ ፊፋ፣ የደኅንነት ደንብ ይህን ጭስ በሜዳ ዙሪያ መያዝንም መጠቀምንም ይከለክላል፤ በማላንግ ግን ክልከላው ሳይከበር ቀርቷል።

ጠብ ፈላጊ ደጋፊ መኖሩ እውነት ነው፤ ጥያቄው ከብዙኃኑ እንዴት ይለያል የሚለው ነው። በ2004 በፖርቱጋል በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ፣ የከተሞቹ ፖሊስ እንደ ክሊፎርድ ስቶት ያሉ የሕዝብ ስብስብ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎችን ምክር ተቀብሎ፣ የአድማ በታኙን ኃይል ከዕይታ ውጭ አቆይቶ ተራ የደንብ ልብስ የለበሱና ደጋፊውን የሚያነጋግሩ አባላቱን አስቀደመ፤ ኃይል ሲያስፈልግም በአጥፊው ላይ ብቻ አተኮረ። በነዚህ ከተሞች የእንግሊዝ ደጋፊዎች ያስነሡት ከባድ ረብሻ አልነበረም። በውድድሩ ወቅት የእንግሊዛውያን ረብሻ የታየው አልቡፌይራ በተባለች የባሕር ዳር መዝናኛ ነው፤ ስፍራውን ይጠብቅ የነበረውም ይህን አሠራር ያልተከተለ ሌላ የፖሊስ ኃይል ነበር።