ልጅን ከክፍል ከማስወጣት በፊት

ዳዊት፦ በሲያትል ቢከን ሂል ሰፈር ያለ ወላጅ ሊጠይቅ ይችላል፤ ስለ ኮንዶም ማስተማር «ሞክሩት» ማለት አይደለም ወይ? የዋሽንግተን ግዛት የወሲብ ጤና ትምህርትን ግዴታ አድርጓል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ሕዝቡም በድምፁ አጽንቶታል። ወላጅ ግን ልጁን ማስቀረት ይችላል፤ መብቱን ቢጠቀምበትስ?

ሰላማዊት፦ ስጋቱን አልንቀውም፤ ነገር ግን በጥናት ሊፈተሽ የሚችል ስጋት ነው፣ ተፈትሿልም። ተመራማሪው ዳግላስ ከርቢ በ2007 ባወጣው ግምገማ መታቀብንም መከላከያንም አብረው የሚያስተምሩ 48 ሁሉን አቀፍ ፕሮግራሞችን አይቶ፣ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በወጣቶች ባሕርይ ላይ በጎ ለውጥ ማምጣታቸውን አሳየ፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ወሲብ የሚጀመርበትን ዕድሜ አዘግይተዋል። በዚያው ዓመት ከ2,000 በላይ ወጣቶችን የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ መታቀብን ብቻ የሚያስተምሩ አራት ፕሮግራሞችን መዘነ። የተማሩትም ያልተማሩትም ወሲብ የጀመሩት በተመሳሳይ ዕድሜ ነበር። ከርቢ ካያቸው ፕሮግራሞች ቀሪው አንድ ሦስተኛ ውጤት አለማሳየቱ ግን መረሳት የለበትም፤ «ሁሉን አቀፍ» የሚል ስያሜ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ዳዊት፦ ይህ የፈረንጅ ልጆች ጥናት ነው፤ የእኛ ቤት ሃይማኖት አለው፣ የሚል ይኖራል።

ሰላማዊት፦ አገር ቤት ያሉት የኤችአይቪ መከላከያ የ«መ» ሕጎችስ? መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም እያልን ሦስቱንም አብረን አስተምረናል። የኪንግ ካውንቲ ጤና መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው «ፍላሽ» የተባለው ሥርዓተ ትምህርትም ስለ መታቀብ ያስተምራል። ደግሞም በዚህ ግዛት የ14 ዓመት ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ይችላል፤ ሕጉ የሰጠውን ዕድል እውቀት ሳይኖረው እንዴት ይጠቀምበታል? ወላጆች፣ የማስቀሪያ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት የትምህርቱን ይዘት ጠይቁና አንብቡት።