ሲያስነጥስ የሚኖር ሰው
(ስለ አፍንጫ አለርጂ ለካምፑ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነጋግራችሁ ስለማይገድል፣ ሆኖም ኑሮን ስለሚያውክ ሕመም ነው። ሐኪሞች የአፍንጫ አለርጂ ይሉታል። እኛ ግን ብዙ ስም አውጥተንለታል፦ «ብርድ መታኝ»፣ «ሳይነስ አለብኝ»፣ «የካርቱም አየር አልተስማማኝም»።

ለእውነቱ የሚቀርበው የመጨረሻው ነው። ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከመነሳቱ በፊት ካርቱም ውስጥ በደይም ወይም በጅሬፍ የኖራችሁ ታስታውሳላችሁ። ክረምት ሲገባ ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ቀኑን ያጨልመዋል። በብርዱ ወራት ደግሞ ኒሚቲ የሚሏቸው ደቃቃ አረንጓዴ ትንኞች ከዓባይ ዳር እየመጡ ማታ መብራት ላይ ይርመሰመሳሉ። ኒሚቲ አትናከስም። ሞታ ስትደርቅ ግን እንደ ዱቄት ትሆንና ከአየር ጋር ወደ አፍንጫ ትገባለች። ሰውነቷ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ማስነጠስንና አስምን እንደሚቀሰቅስ በጥናት ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ ሱዳን የገባው የመስኪት ዛፍ የአበባ ብናኝም እንዲሁ ያስነጥሳል።

ታማሚዎች ስለ ኑሯቸው ሲናገሩ የሚደጋግሙት ነገር አለ። ሌሊት አፍንጫ ስለሚዘጋ እንቅልፍ የለም፤ ጠዋት ራስ ይከብዳል። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት አቧራ ስታራግፍ፣ በረኪና ስትነካ፣ የበኹር ጢስ ሲሸታት ታስነጥሳለች። አሠሪዋ «ልጆቼን ታስይዝብኛለች» ብላ ትሰጋለች። ሻይና ቡና የምትሸጠውንም ደንበኛ ይሸሻታል። ስለዚህ ብዙዎች ሕመማቸውን ይደብቃሉ። «ሳንባ ነቀርሳ ቢሆንስ?» ብለው ፈርተው ክሊኒክ ሳይሄዱ የሚቀሩም አሉ።

እንግዲህ ልዩነቱን እንወቅ። አለርጂ ትኩሳት የለውም። ንፍጡ እንደ ውኃ የቀጠነ ነው፤ ዓይንና አፍንጫ ያሳክካል። ከሰው ወደ ሰው ፈጽሞ አይተላለፍም። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ሌሊት የሚያልብና ክብደት የሚቀንስ ከሆነ ግን ሳይዘገይ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ሳንባ ነቀርሳም ቢሆን በመድኃኒት ይድናል። ትንፋሽ ካጠረና ደረት ካፏጨ አስም ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም መንገር ይገባል።

ምን እናድርግ? ቤት ከመጥረጋችን በፊት ውኃ እንርጭ፤ አቧራ ሲነሳ አፍንጫችንን በነጠላ ወይም በሻሽ እንሸፍን። አልጋ ልብሱን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናስጣ። ዕጣን ስናጤስ የታመመው ሰው ከጢሱ ይራቅ። የባሕር ዛፍ እንፋሎት ለጊዜው ያቀልል ይሆናል፤ መንስኤውን ግን አያጠፋም። አፍንጫ በጨው ውኃ ማጠብ ይረዳል፤ ውኃው ግን የግድ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን።

አንቲባዮቲክ ለአለርጂ አይሠራም፤ በከንቱ ገንዘብ አታውጡበት። ክሎርፌኒራሚን የሚባለው ክኒን እንቅልፍ ያመጣል፤ ሎራታዲንና ሴትሪዚን በዚህ ይሻላሉ። ሐኪም የሚያዝዘው የአፍንጫ ስፕሬይ በየቀኑ ሲወሰድ እንጂ አንድ ቀን ብቻ ተሞክሮ ውጤቱ አይታይም። የተዘጋ አፍንጫ የሚከፍት ጠብታ ግን ከአምስት ቀን በላይ ቢወሰድ መዘጋቱን ያብሰዋል።

በመጨረሻ ለጎረቤት የምለው አለኝ። ስደተኛ ጤናው ሲታማበት እንጀራውም አብሮ ይታማበታል። የምታስነጥስ እህት ስታዩ ፊታችሁን አታዙሩባት፤ ወደ ጤና ጣቢያ አብራችኋት ሂዱ።