የመሥራቾቻችን መልክ በኅትመት እንዳይደበዝዝ
(ለኢዮቤልዩ መጽሔታችን ዝግጅት በተጠራው የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ ልናነጋግራችሁ የፈለግነው ስለ ፎቶግራፎቻችሁ ነው። ከመሥራቾቻችን መካከል ዛሬ በሕይወት የሌሉ አሉ። ለአንዳንዶቹ የቀረው መታሰቢያ አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። መጽሔቱ ከታተመ በኋላ ማረም አይቻልም፤ የልጅ ልጆቻቸው የሚያውቋቸው በወረቀቱ ላይ በሚያዩት መልክ ይሆናል።

ብዙዎቻችሁ «በስልክ ላይ ጥርት ብሎ የሚታይ ፎቶ ሲታተም ለምን ይደበዝዛል?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ዲጂታል ፎቶግራፍ ፒክሰል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። ብዛታቸው የሚወሰነው ፎቶው ሲነሣ ወይም በስካነር ሲገለበጥ ነው። የስልክ መስኮት ጠባብ ስለሆነ ጥቂት ነጥቦች ይበቁታል። በጥሩ ወረቀት ላይ ለሚታተም መጽሔት ግን በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሴንቲ ሜትር፣ 300 ያህል ፒክሰል ያስፈልጋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የፎቶው ፒክሰል ለ300 ሲካፈል ጥራቱን ጠብቆ የሚታተምበትን መጠን በኢንች ይሰጠናል። 640 በ480 ፒክሰል የሆነ ፎቶ 5.4 በ4.1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም። አንድ ሙሉ የኤ4 ገጽ ለመሸፈን ግን 2480 በ3508 ፒክሰል ይጠይቃል።

«በኮምፒዩተር አሳድጉት» የሚሉን አሉ። እንግዳ በዛ ተብሎ ወጡ ላይ ውኃ ቢጨመር ድስቱ ይሞላል እንጂ ሥጋው አይበዛም። ኮምፒዩተሩም የሚጨምረው ነጥብ ከጎረቤት ነጥቦች የተገመተ ነው። ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የደበዘዘ ፊት የሚያጠሩ ፕሮግራሞች አሉ። እነዚህ ያልነበረ ዓይንና ጥርስ ገምተው ስለሚሥሉ፣ ጥርት ያለ የሌላ ሰው ፊት ሊሰጡን ይችላሉ። ስለዚህ ለመሥራቾቻችን ፎቶ አንጠቀምባቸውም። ትንሽ ሆኖ እውነተኛ የሆነው ይሻለናል።

መፍትሔው ዋናውን ፎቶግራፍ ማግኘት ነው። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የፎቶ ቤት ሥራ በዚያው መጠን እንዲታተም በኢንች 300፣ እጥፍ እንዲሆን በ600 እንገለብጠዋለን። 3 በ4 የሆነውን ጉርድ 9 ሴንቲ ሜትር ስፋት እንዲኖረው ከፈለግን ሦስት እጥፍ ስለሚያድግ 900 ያስፈልገዋል። ጽሑፍ ያለባቸውን የጥሪ ካርዶችና ማኅተሞች ከ600 እስከ 1200 እንገለብጣለን፤ «ለ»ን ከ«ሉ»፣ «በ»ን ከ«ቡ» የምትለየው ትንሽ ጭረት ከጠፋች ቃሉ ይበላሻልና።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን።

አንደኛ፣ የወረቀት ፎቶ ያላችሁ በስልክ አንሥታችሁ ከመላክ ይልቅ ዋናውን ይዛችሁ ኑ። እዚሁ ፊታችሁ ገልብጠን ወዲያው እንመልስላችኋለን።

ሁለተኛ፣ በስልክ የተነሡ ፎቶዎችን በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም የምትልኩ፣ እንደ ተራ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩልን። እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ፒክሰሉ ስለሚቀነስ የተቀነሰው በእኛ እጅ አይመለስም።

ሦስተኛ፣ በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስም፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ አያይዙልን። በፎቶው ጀርባ ላይ በብዕር አትጻፉ።

በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ያለው ፎቶግራፍ የሁላችንም ታሪክ ነው። አደራችሁን በጥንቃቄ እንጠብቃለን።