ዕድል፥ አጋጣሚና ነጻ ፈቃድ በልብ ወለዶቻችን



ከጎንደር ወደ ሱዳን ጠረፍ የሚወርደው መንገድ ገንዳ ውኃንና ኮኪትን አልፎ ከመተማ ዮሐንስ ይደርሳል። ከተማይቱ ይህን ስም የያዘችው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ በዚያ ስለ ወደቁ ነው። ሠራዊታቸው የጠላትን ቅጥር ጥሶ ድሉ ሊጨበጥ በተቃረበበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱን ጥይት መታቸው፤ የውጊያውም መልክ ተለወጠ። ያችን ጥይት ምን እንበላት? አንዱ የእግዚአብሔር ፈቃድ ናት ይላል፤ ሌላው አጋጣሚ ናት ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ንጉሥ ሆነው ሳለ በውጊያው መካከል መገኘትን የመረጡት እሳቸው ናቸው ይላል። ታሪክ ጸሐፊ ሦስቱንም መዝግቦ ሊያልፍ ይችላል። የልብ ወለድ ደራሲ ግን ጥይቷን የሚተኩሳት እሱ ራሱ ነውና እንዲህ በቀላሉ አያመልጥም።

ብዙ ደራስያን ታሪኩ ሲቋጠርባቸው አጋጣሚን በእርዳታ ይጠራሉ። መኪና ይገለበጣል፤ የጠፋ ወንድም በድንገት ይገኛል። አንባቢ አጋጣሚን ከታሪኩ መነሻ ላይ ሲያገኘው ይቀበለዋል፤ ከመጨረሻው ላይ ሲያገኘው ግን እንደ ተታለለ ይሰማዋል። እንግዲህ በ1958 ዓ.ም. የታተመው፥ በኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ተተርኮ ብዙ ሰው ያስለቀሰው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በአጋጣሚ ሲያልቅ ስለ ምን አላስቀየመንም?

የበዛብህን ሕይወት እንመልከት። ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ እንዳይሞትባቸው ፈርተው ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት። ልጁ አድጎ ሰብለ ወንጌልን በወደደ ጊዜ ያ ስለት እንደ ዕዳ ይከተለዋል። እሱ ዕድል ነው ብሎ የሚፈራው ነገር ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ እናትና አባት በፍርሃት የቈረጡት የሰው ውሳኔ ነው። የሰብለም ዕድል እንደዚሁ ነው። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ በዘር የሚስተካከለኝ የለም እያሉ ለጋብቻ የሚመጣውን ሁሉ ሲመልሱ፥ የልጅቱ ዕድሜ ያልፋል፤ አገሩም ዕድሏ ነው ይላል። ጉዱ ካሣ ብቻ ይህን ነገር በስሙ ይጠራዋል፤ ስለዚህም እብድ ተባለ። (እኛስ በየመሥሪያ ቤታችን የዝውውር ደብዳቤ ሲደርሰን ዕድሌ ነው እንል የለምን? ከደብዳቤው ግርጌ ግን ፊርማ አለ።)

በመጨረሻ በዛብህን በመንገድ ላይ ወንበዴዎች ያቆስሉታል። ወንበዴዎቹ በእርግጥ አጋጣሚ ናቸው፤ ከዚያ መንገድ ላይ መገኘቱ ግን አጋጣሚ አይደለም። ከዲማ ያሳደደው የፊታውራሪ ትዕቢት ነው። ሰብለም የአባቷን ቤት ጥላ ተከትላው ስትወጣ ማንም አላስገደዳትም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ነጻ የሆነው ሥራ የእሷ ነው እላለሁ። ደርሳ የምታገኘው የሚሞት ሰው መሆኑ የውሳኔዋን ዋጋ አይቀንሰውም። ደራሲው አጋጣሚን ጠርቶታል፤ ነገር ግን ሰዎቹ አስቀድመው መንገዱን ከጠረጉለት በኋላ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፥ በ1962 ዓ.ም.፥ የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ሲወጣ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አበራ የተማረ፥ ደመወዝ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ልቡ ግን ሥዕል ትሻለች። ታላቅ ወንድሙ ሥራህን ያዝ፥ አግባ፥ ውለድ ይለዋል። የታሰረበት ስለት የለም፤ የዘር ሐረግ የሚቈጥርበት ፊታውራሪም የለም። ቢቀርም ቢሄድም ፈቃዱ የራሱ ነው፤ የሚጨነቀውም በዚሁ ነው። በዛብህ የሚያማርረው ዕድል ነበረው፤ አበራ ግን የሚያማርረው ቢፈልግ ከራሱ በቀር አያገኝም። ይህን መጽሐፍ በቢሮ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ያነበበ ሰው፥ አንዳንዱን ገጽ ከገለጠ በኋላ ቀና ብሎ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሳይመለከት አልቀረም።